የአደን ፈቃድና የወጥመድ ባለቤት
በወልቂጤና በቡታጅራ አገር የዱር እንስሳ ቆዳ ሥርዓት ታሪክ

፩. የጥያቄው መነሻ

የአደን ፈቃድ በሕግ ፊት ሁለት ነገር ያዘለ ወረቀት ነው። በአንድ በኩል ለባለፈቃዱ መብት ይሰጠዋል፤ ይኸውም የዱር እንስሳን በተወሰነ ቦታ፣ በተወሰነ ጊዜና በተወሰነ ቍጥር እንዲገድል ወይም እንዲይዝ ነው። በሌላ በኩል ኀላፊነት ይጭንበታል። የገደለውን እንዲያስመዘግብ፣ ያልተፈቀደለትን እንዳይነካ፣ ለሚያደርሰውም ጉዳት መልስ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። መብትና ኀላፊነት በአንድ ወረቀት ስለ ተጣመሩ፣ ወረቀቱን ለማግኘት መንገድ የተዘጋበት ሰው መብቱን ብቻ ሳይሆን ኀላፊነቱንም ያጣል። ለእርሱ የሚቀርለት ጥፋተኛ መባል ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ነገር በጉራጌ አገር እንዴት እንደ ሆነ መመርመር ነው። በዚህ አገር የዱር እንስሳን በወጥመድ መያዝና ቆዳውን ለሥራ ማዋል የቆየ ሙያ ሲሆን፣ ሙያውም ለማንም የተፈቀደ አልነበረም፤ ልማድ የመደበው ወገን ነበረው። በኋላ የመንግሥት ሕግ በመጣ ጊዜ ፈቃድ የሚባለው ነገር ጠመንጃ ለያዘ ሰው ታስቦ ተሠራ። ባለወጥመዱ ግን አንድ ቀን እንኳ ባለፈቃድ ሳይሆን ከልማድ ሠራተኛነት በቀጥታ ወደ ሕግ ተላላፊነት ተሻገረ። ይህን መሻገር መረዳት ለታሪክ ብቻ ሳይሆን ለዛሬው የዱር እንስሳ ጥበቃም የሚጠቅም ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ማየት ተገቢ ነው።

በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» የተባለው የኢትዮጵያ አቈጣጠር፣ «እ.ኤ.አ.» የተባለውም የአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

፪. አገሩና አራዊቱ

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ቡታጅራ ደግሞ በዓለም ገና በኩል ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ይገኛሉ። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን የወልቂጤ ወገን በጨቦና ጉራጌ አውራጃ፣ የቡታጅራ ወገን በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሥር ሁነው ሁለቱም የሸዋ ጠቅላይ ግዛት ክፍል ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሁለቱም በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ሲሆኑ፣ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናቸው።

በሁለቱ ከተሞች መካከል የጉራጌ ተራራ ሰንሰለት ተዘርግቷል፤ ከፍተኛው ጫፍ ከ3,700 ሜትር በላይ ነው። ከተራራው ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውሃ ወደ ጊቤ ይገባል፤ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው የመቂ ወንዝ ግን ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይፈስሳል። ስለዚህ አገሩ በአጭር ርቀት ውስጥ ውርጭ ያለበት ደጋ፣ እንሰት የሚበቅልበት ወይና ደጋ፣ ሞቃትና ቍጥቋጧማ የጊቤ ቈላም አለው። የአራዊቱም ዓይነት እንዲሁ የተለያየ ነው። በጊቤ ሸለቆ ጉማሬ፣ ከርከሮና ድኩላ ይገኛሉ፤ ረዣዥም ዛፍ ባለበት ጉሬዛ፣ በገደሉና በጥሻው ነብር፣ አነርና ጥሪኝ ይኖራሉ።

በዚህ አገር አደን ከእንሰት ጋር የተያያዘ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። እንሰት ከተተከለ በኋላ እስኪደርስ ብዙ ዓመት የሚጠብቅ ስለ ሆነ፣ በአንድ ሌሊት በጃርት ወይም በዱር ዐሳማ የሚጠፋው ተክል የብዙ ዓመት ድካም ነው። ፍልፈልም ከሥር እየቈፈረ ያደርቀዋል። ስለዚህ በጓሮ ዙሪያ ወጥመድ መጣል ጨዋታ ወይም የጀግንነት ሥራ ሳይሆን ምግብን የመጠበቅ ሥራ ነበረ።

፫. ቆዳ በቀድሞው መንግሥት ሥርዓት

በሰሜንና በሸዋ ቤተ መንግሥት ግን የአውሬ ቆዳ ሌላ ትርጕም ነበረው። የአንበሳ ጎፈር በጦርና በአደን ለታወቀ ሰው የራስ ጌጥ፣ የነብር ለምድም በትከሻ የሚጣል የክብር ልብስ ነበረ። አንበሳ፣ ዝሆን፣ ጎሽ፣ አውራሪስና ነብር መግደል ግዳይ ይባል ነበር። ግዳይ የጣለ ሰው በሕዝብ ፊት ይፎክራል፣ በገዢው ፊት ይቀርባል፣ ይሸለማልም።

ይህ ሥርዓት ያለ ደንብ የነበረ አይምሰለን። ዝሆን የገደለ ሰው ከሁለቱ ጥርስ አንዱን ለገዢው ወይም ለንጉሡ እንዲያስረክብ የሚያስገድድ ልማድ በብዙ ቦታ ይሠራበት ነበር። ይህም በዛሬ ቋንቋ ሲተረጐም በዓይነት የሚከፈል የፈቃድ ዋጋ ነው። ልዩነቱ ዛሬ ዋጋው ከአደኑ በፊት በገንዘብ ሲከፈል፣ በዚያ ዘመን ከአደኑ በኋላ በጥርስ መከፈሉ ነው።

ጉራጌ ወደ ምኒልክ ግዛት የገባበት ሁኔታ በየቦታው የተለያየ ነበር። ሶዶ ክስታኔ ያለ ብዙ ውጊያ ገበረ። ሰባት ቤት ግን ከራስ ጎበና ዳጬ ዘመቻ በኋላና ከቀቤናው ሐሰን እንጃሞ ጋር ከተደረገው ብርቱ ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ገባ። ከዚያ ወዲህ በአንድ አገር ላይ ሁለት ዓይነት የአደን አስተሳሰብ ጎን ለጎን ቆመ። አንዱ የሹማምንትና የወታደሮች ሲሆን አደንን የክብር መንገድ አድርጎ ይቈጥረዋል። ሁለተኛው የአገሬው ልማድ ሲሆን፣ ወጥመድን ለአንድ ወገን የተተወ የተናቀ ሙያ አድርጎ ይቈጥረዋል። ነብርን በጦር ወይም በጠመንጃ የገደለ ሲሸለም፣ ጃርትን በወጥመድ የያዘው ከማዕድ ይገለል ነበር።

፬. ልማዳዊው ሕግና የፉጋ ነገር

የጉራጌ ሕዝብ ጽኑ የሆነ የልማድ ሕግ እንዳለው የታወቀ ነው። በሰባት ቤት የጆካ ሸንጎና ቅጫው፣ በክስታኔ የጎርደና ሴራ፣ በመስቃንና በዶቢ የፈረገዘኘ ሴራ የደም ነገርን፣ የጋብቻን፣ የድንበርንና የንብረትን ክርክር ሲፈርዱ ኑረዋል። የእነዚህ ሸንጎዎች ዋና ጠባይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ለተጐዳው ወገን ካሳ እንዲሰጥና ሰላም እንዲወርድ ማድረግ ነው። እንግዲህ በጉድጓድ ወጥመድ ከብት ቢወድቅ ወይም ሰው ቢጐዳ ነገሩ በዚሁ የካሳ መንገድ መታየቱ ከሥርዓቱ ጠባይ የሚከተል ነው። ወጥመድ የሚጥል ሰው በጎረቤቱ ፊት ተጠያቂነት አለበት ማለት ነው።

ወጥመድ የሚጥለው ግን በብዛት ገበሬው ራሱ አልነበረም። በጉራጌ ውስጥ ከገበሬው ተለይተው የሚኖሩ ባለሙያዎች ሦስት ወገን ነበሩ፤ እነርሱም አንጥረኞቹ፣ ቆዳ የሚያለፉት ፋቂዎችና ፉጋዎቹ ናቸው። «ፉጋ» የሚለውን ስም የሚጠሩበት ሰዎች ዛሬ እንደ ስድብ የሚቈጥሩት ስለ ሆነ፣ እዚህ የገባው በታሪክ ጽሑፎች የተለመደው ቃል እርሱ በመሆኑ ብቻ ነው። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ሊቅ ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ጉራጌ ባለሙያ ወገኖች ባሳተመው አጭር ጥናትና በ1966 ስለ ጉራጌና ስለ እንሰት ባህል ባወጣው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ ፉጋዎች እንጨት ጠራቢዎች፣ የቤት ምሰሶ አቋሚዎችና በአምልኮ ሥርዓት የተለየ ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ነበሩ። የጉራጌ ክብ ቤት ያለ መካከለኛው ምሰሶ አይቆምም፤ ምሰሶውን ቈርጠው የሚያመጡና የሚተክሉ ግን እነርሱ ነበሩ። በደሟሟዊት ስም ልጃገረዶች ወደ ሙየት ማኅበር ሲገቡም ሥርዓቱን የሚመሩ፣ ምሥጢራዊውን ቋንቋ የሚያስተምሩ እነርሱ ነበሩ። ይህን ቋንቋ ቮልፍ ሌስላው መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1964 አሳትሞታል።

ይህን ያህል የሚፈለጉ ሰዎች የእርሻ መሬትና የቀንድ ከብት እንዳይኖራቸው ልማዱ ይከለክል ነበር። እግራቸው የረገጠው መሬት ፍሬው ይነጥፋል ተብሎ ይታመን ነበርና። ሌላው ሰው የማይበላውን የአውሬ ሥጋ ይበላሉ እየተባለም ከማዕድ ይለዩ ነበር። ኤንሪኮ ቼሩሊን የመሰሉ የቀደሙ ሊቃውንት እንዲህ ያሉትን ወገኖች ከግብርና በፊት በአገሩ የነበሩ የጥንት አዳኞች ቅሪት ናቸው ሲሉ ገምተዋል። ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ግን ይህ የቅሪት ግምት ብቻውን እንደማይበቃ፣ የእነዚህ ወገኖች አቋም በየአገሩ ከሥራ ክፍፍልና ከሥልጣን ታሪክ ጋር አብሮ መታየት እንዳለበት አስረድተዋል። እኛም ከዚህ አስተያየት ጋር እንስማማለን። አንድ ሰው አዳኝ የሚሆነው አያቱ አዳኝ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ ማረስ ስለ ተከለከለም ጭምር ነው።

ይህን ሁኔታ በሕግ ቋንቋ ብንተረጕመው ልማዱ ለፉጋ አንድ ዓይነት ፈቃድ ሰጥቶት ነበር ማለት ይቻላል። ጫካውን፣ እንጨቱንና አውሬውን ለእርሱ ትቶለታል። ፈቃዱ በልደት የሚገኝ እንጂ በገንዘብ የሚገዛ አልነበረም። ዋጋው ግን ከገንዘብ ይልቅ የከበደ ነበር፤ ይኸውም ንቀት ነው። መብቱና መናቁ በአንድ ገመድ ታስረው ስለ ነበር አንዱን ሳይቀበሉ ሌላውን ማግኘት አልተቻለም።

፭. ከዐዋጅ ወደ ፈቃድ ወረቀት

ዳግማዊ ምኒልክ በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ባለእጆችን መስደብና ማዋረድ የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። ሸማኔውን፣ አንጥረኛውን፣ ፋቂውንና ሌላውንም ሠራተኛ በሙያው ምክንያት መናቅ አገርን እንደሚያደኸይ የሚያስረዳ ዐዋጅ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1909፣ በተለይ የዝሆንን አደን ለመወሰን የታሰበ የአደን ደንብ ወጣ። ይህም የኢትዮጵያ የዱር እንስሳ ሕግ መጀመሪያ ተብሎ ይጠቀሳል። ሁለቱ ሕጎች በጊዜ ቢቀራረቡም በአሳብ አልተገናኙም። የፊተኛው ስለ ሠራተኛው ክብር ሲናገር ስለ ጫካ አልተናገረም፤ የኋለኛው ስለ ጫካው ሲናገር ከጫካው የሚኖረውን ሠራተኛ አላሰበም።

ከጣልያን ወረራ በኋላ ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. መታተም ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1944 በዐዋጅ ቁጥር 61 የአውሬ ጥበቃ ሕግ ታወጀ፤ የአደን ደንብ የማውጣትም ሥልጣን ለእርሻ ሚኒስቴር ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1963 ሰር ጁልያን ሃክስሌይ የነበሩበት የዩኔስኮ ልዑካን ቡድን አገሩን ጐብኝቶ ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ምክር አቀረበ። ከዚያም የዱር አራዊት ጥበቃ ድርጅት ተቋቋመ፤ የአዋሽና የሰሜን ብሔራዊ ፓርኮችም እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ጸኑ። እ.ኤ.አ. በ1970 ትእዛዝ ቁጥር 65 ወጣ፤ በጥር 1964 ዓ.ም. ደግሞ የሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 416 ዝርዝር ደንቡን አመጣ። በደርግ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1980 ዐዋጅ ቁጥር 192 ደንና ዱር እንስሳን በአንድ ሕግ አጣመረ። በኋላም ዐዋጅ ቁጥር 541/1999፣ የባለሥልጣኑ ማቋቋሚያ ዐዋጅ ቁጥር 575/2000 እና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 163 ተከታትለው ወጡ።

እነዚህ ሕጎች በዝርዝር ቢለያዩም የጋራ አሳባቸው አንድ ነው። ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። ፈቃዱ በባለፈቃዱ ስም የተጻፈ ሲሆን የእንስሳውን ዓይነት፣ ቍጥሩንና ቦታውን ይወስናል። ባለፈቃዱ የክፍያውን ገንዘብ አስቀድሞ ይከፍላል፤ የውጭ አገር አዳኝ ከሆነ ፈቃድ ባለው የአደን መሪ ይመራል፤ የገደለውንም ለተቈጣጣሪ አሳይቶ ያስመዘግባል። ቆዳና ቀንድ ያለ ወረቀት ከቦታ ወደ ቦታ አይዘዋወርም፣ አይሸጥምም። ዐዋጅ ቁጥር 541/1999 በሕገ ወጥ መንገድ ያደነ ወይም የነገደ ሰው ከ5,000 እስከ 30,000 ብር በሚደርስ መቀጮ፣ ወይም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት፣ ወይም በሁለቱም እንዲቀጣ ደንግጎ ነበር።

ሕጉ የታሰበው ለማን እንደ ነበር ከዚህ ይታያል። ጠመንጃ፣ መሪ፣ የተከለለ የአደን ቦታና አስቀድሞ የሚከፈል ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ፈቃድ፣ ለባለሀብት ወይም ለባዕድ አዳኝ የተሠራ ፈቃድ ነው። ጃርትን በጉድጓድ ወይም ሚዳቋን በመረብ የሚይዝ የጉራጌ ድኻ ከዚህ ወረቀት ላይ ስሙን የሚያጽፍበት መስመር አልነበረም። ወጥመድ የጨካኝ መሣሪያ ነው፤ የታለመለትንና ያልታለመለትንም ሳይለይ ይይዛል ተብሎ ከፈቃድ ውጭ መደረጉ ምክንያት አለው፤ እኛም አንክደውም። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለቤት የሌለውን ተንቀሳቃሽ ነገር ባለሀብት ለመሆን አስቦ በእጁ ያደረገ ሰው ባለሀብቱ ይሆናል ይላል። ባለወጥመዱም ሙያውን የሚያስበው በዚህ ዓይነት ነበር። የጫካው ልዩ ሕግ ይህን መብት ሲነሣው በምትኩ ሌላ መንገድ አላሳየውም።

ሌላ አገር ሌላ ምርጫ እንደ ነበረ ለማስታወስ የካናዳን ነገር ማንሣት ይበቃል። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የወጥመድ መስመር በስም እንዲመዘገብ ተደረገ። የተመዘገበው ሰው በዚያ መስመር ብቻውን የማጥመድ መብት ሲያገኝ፣ የያዘውን እንስሳ የመግለጽና መስመሩን እንዳይራቈት የመጠበቅ ኀላፊነት ተጣለበት። በዚያም ቢሆን ችግር አልጠፋም። ብዙ ነባር ነዋሪዎች የአባቶቻቸውን መስመር ሳያስመዘግቡ ሌላ ሰው ቀድሟቸው አስመዝግቦት ከቦታቸው ተፈናቅለዋል። የሆነ ሆኖ ሕጉ ባለወጥመዱን ከመወንጀል አስቀድሞ በስሙ ጠርቶታል።

፮. የቆዳው ገበያ

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ የነብር ቆዳ ካፖርት ተወዳጅ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1962 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ባለቤት የነብር ቆዳ ካፖርት ለብሰው መታየታቸው ፈላጊውን ይበልጥ እንዳበዛው ብዙ ጊዜ ይነገራል። በዚሁ ዘመን በአዲስ አበባ ለጐብኚ ዕቃ በሚሸጡ ሱቆች ከጉሬዛ ቆዳ የተሠፋ ጥቍርና ነጭ ምንጣፍ እንደ ልብ ይገኝ ነበር። አንድ ምንጣፍ ለመሥራት ብዙ ጉሬዛ ይፈለጋል። ጉሬዛ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ የሚወልድ፣ ቤተሰቡን ይዞ በጥቂት ዛፎች ላይ የሚውል እንስሳ ስለ ሆነ፣ አንድ አዳኝ ዛፉን ካወቀ መንጋውን በሙሉ ሊጨርሰው ይችላል። በኢትዮጵያ የጉሬዛን ኑሮ ያጠኑት እነ ሮቢን ደንባር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስለዚህ ንግድ ሥጋታቸውን ጽፈዋል።

በዚያው ዘመን፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም.፣ የጉራጌ ተወላጆች በራሳቸው መዋጮ መንገድ ለመሥራት ማኅበር አቋቁመው አገራቸውን ከአዲስ አበባ ጋር ማገናኘት ጀምረው ነበር። መንገድ ሐኪምንና አስተማሪን እንዳመጣ ሁሉ ነጋዴንም አመጣ፤ የበግና የፍየል ቆዳ የሚሰበስብ ነጋዴ የአውሬ ቆዳ ቢቀርብለትም የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው። የአውሬ ቆዳ በአጠቃላይ ከጫካ እስከ ሱቅ ሲጓዝ በየእጁ ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል። ትርፉ የሚከማቸው በመጨረሻው እጅ ላይ ሲሆን፣ ቅጣቱ ግን በመጀመሪያው እጅ ላይ ሊወድቅ ይቀላል። ወጥመድ ያጠመደው ሰው እግረኛና ድኻ ስለ ሆነ ለመያዝ አይከብድም፤ ምንጣፉን በሻንጣው ይዞ የሚሻገረውን ሰው መያዝ ግን ሌላ ዓይነት ኀይል ይፈልጋል።

ይህን የመጨረሻ እጅ ለመያዝ የመጣው ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፀዋትን ንግድ የሚቈጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በዋሽንግተን ተፈርሞ በ1975 ሥራ ላይ ሲውል፣ ነብር ንግዱ እጅግ ከተከለከለባቸው እንስሳት ጋር ተመደበ። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1989 የስምምነቱ አባል ሆነች። ከዚያ ወዲህ የነብር ቆዳ ከአገር የሚወጣው አዳኙ በፈቃድ ገድሎ ለራሱ በሚወስደው መጠን ብቻ ሆነ። ለኢትዮጵያ የተፈቀደው የዓመት ጣሪያ ለብዙ ጊዜ 500 ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግን ይህ ቍጥር እጅግ ዝቅ ብሏል። «የነብር ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም» እንደሚባለው፣ መንግሥት የቆዳን ንግድ መቈጣጠር ከጀመረ ከጫካው እስከ ወደቡ ሳይለቅ መያዝ እንዳለበት ይህ ታሪክ ያስተምራል።

፯. የተፈቀደው አንዱ ወጥመድ

በኢትዮጵያ ሕግ ወጥመድ ፈጽሞ ቦታ አልነበረውም እንዳይባል አንድ ልዩ ነገር አለ፤ እርሱም የጥሪኝ ነገር ነው። ጥሪኝ የሚፈለገው ለቆዳው ሳይሆን ለዝባዱ ነው። የእናርያ ዝባድ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ የታወቀ የንግድ ዕቃ ነበር። ከጊቤ ማዶ ባሉት በሊሙ፣ በጅማ፣ በኢሉባቦርና በወለጋ ገበሬዎች ጥሪኙን ሌሊት በሚሄድበት መንገድ ላይ አጥምደው ይይዙታል። ከዚያም በጠባብ የእንጨት ሳጥን ውስጥ አኑረው፣ ቤቱን በእሳት አሙቀው፣ ሥጋና ገንፎ እየመገቡ፣ በየዘጠኝ ወይም በየዐሥር ቀኑ ያህል ዝባዱን ይፍቃሉ። ዝባዱ በበሬ ቀንድ ታሽጎ ይሸጣል፤ ለፈረንሳይ ሽቶ ሠሪዎችም ለብዙ ዘመን ተልኳል። የጥበቃው መሥሪያ ቤት ይህን ሥራ በፈቃድ እንዲሆን አደረገ፤ ገበሬው ጥሪኝ ለመያዝና ለማኖር ፈቃድ ያወጣል።

ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ነጥብ ግን ከፈቃዱ አስቀድሞ የነበረው ልማድ ነው። ለዝባድ የሚፈለገው ወንዱ ስለ ሆነ ሴቲቱ በወጥመድ ስትገባ ትለቀቃለች። ልማዱ የመጣው ከጥቅም እንጂ ስለ ጥበቃ ከታሰበ አሳብ አይደለም፤ ሆኖም ዘሩ እንዳይነቀል ረድቷል። መንግሥት ይህን ልማድ ባለበት አግኝቶ ፈቃድ ጨመረበት እንጂ አላጠፋውም። እንስሳው በሳጥን ውስጥ የሚደርስበት ስቃይ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በውጭ አገር ብዙ ወቀሳ አስነሥቷል፤ ወቀሳውም በቂ ምክንያት ነበረው። ይሁን እንጂ ባለፈቃድ ስለ ነበረ ወቀሳው ሲመጣ የሚጠየቅ ሰው፣ የሚሻሻል ደንብም ተገኘ። ከጊቤ ወዲህ ላለው ባለወጥመድ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልመጣለትም።

ምክንያቱን ስንመረምር ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ ዝባድ ወደ ውጭ አገር የሚላክ፣ ገንዘብ የሚያስገባ ዕቃ ስለ ሆነ መንግሥት ሊያውቀው ፈለገ። ሁለተኛ፣ ጥሪኝ የሚያኖረው ሰው መሬት ያለው የተከበረ ገበሬ ነበር። የጉራጌው ባለወጥመድ ግን መሬትም ክብርም አልነበረውም። እንግዲህ ፈቃድ ማን እንደሚያገኝ የወሰነው የወጥመዱ ዓይነት ብቻ ሳይሆን የባለወጥመዱ ማዕረግም ነበር ማለት ይቻላል።

፰. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተጻፈውን ስናጠቃልል፣ በወልቂጤና በቡታጅራ አገር የአውሬ ወጥመድ ሦስት ደረጃ አልፏል። በመጀመሪያው ደረጃ ልማድ መብትን ከንቀት ጋር አጣምሮ ለአንድ ወገን ሰጠ። በሁለተኛው መንግሥት ፈቃድን ለባለጠመንጃው ሠርቶ ባለወጥመዱን ሳይጠራው ቀረ። በሦስተኛው የዓለም ገበያ ቆዳውን ሲፈልግ፣ ያልተጠራው ሰው ለገበያው የመጀመሪያ እጅ፣ ለሕጉም የመጀመሪያ ተከሳሽ ለመሆን ተጋለጠ።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ለአራሹ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ስላዘዘ፣ ፉጋ መሬት እንዳይኖረው የሚከለክለው ልማድ በሕግ ፊት ፈረሰ። በኑሮ ፊት ግን ንቀቱ በአንድ ቀን አልጠፋም። በቅርብ ዘመንም የጊቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ ተከልሏል፤ ዛሬ ከጊቤ ወገን የሚኖረው ሰው ጫካውን የሚያውቀው በአባቱ ልማድ ብቻ ሳይሆን በፓርክ ጥበቃ በኩልም ነው። ከአደን ፈቃድ የሚገኘው ገቢ አብዛኛው ለክልል እንዲሆን መደረጉ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ገንዘብ ማካፈል አንድ ነገር ሲሆን ኀላፊነት ማካፈል ሌላ ነው።

የወጥመድን መከልከል እንደግፋለን፤ ነብርና ጉሬዛ ዛሬ የሚያጠምዳቸውን ሳይሆን የሚጠብቃቸውን ይፈልጋሉ። የምንለው ይህ ነው፤ የአውሬውን መንገድ፣ የሚወልድበትን ወራትና የሚያድርበትን ዛፍ የሚያውቅ ሰው በጥበቃው ሥራ በስሙ ሊጠራ፣ ደመወዝና ማዕረግ ሊሰጠው ይገባል። አለዚያ ያ ዕውቀት ወይ ይጠፋል፣ ወይም ለስርቆት ይውላል።

ለዚህ ደግሞ አስቀድሞ ዕውቀቱ መጻፍ አለበት። በቸሃ፣ በእዣ፣ በሙኽር፣ በእነሞር፣ በክስታኔና በመስቃን ቋንቋ የወጥመድ ዓይነቶች ምን ምን ተብለው እንደሚጠሩ፣ የትኛው ወጥመድ በየትኛው ወራት እንደሚጣል፣ የተያዘው እንስሳ ለማን ለማን እንደሚከፋፈል፣ ጉዳት ሲደርስ ሸንጎው ምን እንደሚፈርድ ከሽማግሌዎች አፍ መሰብሰብ ያስፈልጋል። በተለይ ባለሙያዎቹ ራሳቸው፣ ስለ እነርሱ የተጻፈውን ሌላው ሰው ብቻ እንዳይናገርላቸው፣ በገዛ ቃላቸው እንዲመሰክሩ ማድረግ ተገቢ ነው። ከወልቂጤና ከቡታጅራ አካባቢ የመጡ ተማሪዎች በዕረፍት ወራት ወደ ወላጆቻቸው ሲመለሱ ይህን ሥራ ቢጀምሩ፣ ለታሪክም ለሕግም የሚጠቅም መዝገብ ያቆያሉ።